የመለዋወጫ ሱቅ ሲስተም፦ ሞንጎ ወይስ ፖስትግሬስ?

ጀማሪው
ሰላም ለሁላችሁ። መርካቶ ሶማሌ ተራ ላለ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ሲስተም እየሠራሁ ነው። እስካሁን ሁሉም ነገር በደብተር ነው፤ አንዱ የዕቃ፣ አንዱ የሽያጭ፣ አንዱ የዱቤ። የከበደኝ ዕቃው ነው። ፍሬን ሸራ ላይ የመኪናው ሞዴልና የፊት ይሁን የኋላ ይጻፋል፣ ባትሪ ላይ አምፒር፣ ጎማ ላይ ስፋትና የቸርኬ መጠን፣ ዘይት ላይ ሊትር። ለሁሉም ኮለም (ዓምድ) ልክፈት ካልኩ አብዛኛው ባዶ ሊሆን ነው። አንድ ጓደኛዬ ዳታን በቴብል (በሠንጠረዥ) ሳይሆን በዶክመንት የሚይዘውን ዳታቤዝ አንስቶ «ሞንጎ ላይ ጣለውና ተገላገል፣ ቴብል የድሮ ሰው ነገር ነው» አለኝ። ሌላው በቴብል የሚሠራውን ዳታቤዝ ይዞ፣ ፖስትግሬስ ብሎ ድርቅ አለ። ሰርቨሩ እዚያው ሱቅ ያለ አንድ ኮምፒውተር ነው፣ መብራቱን እንደምታውቁት ነው። ምን ትላላችሁ?

አንዴ የተቃጠለ
ወንድሜ፣ ዕቃውን ተወውና የዱቤውን ደብተር አስብ። እኔ ለአንድ አከፋፋይ በሞንጎ ሠርቼ ነበር። እያንዳንዱ ሽያጭ አንድ ዶክመንት፣ የደንበኛው ስምና ስልክም በየሽያጩ ውስጥ ይደገማል። ሲጀመር ቅቤ ነበር። ከዚያ አንድ ደንበኛ ስልክ ቀየረ፣ የድሮዎቹ ሽያጮች በድሮው ስልክ ቀሩና አንዱ ሰው ሁለት ባለዕዳ ሆኖ ወጣ። ይሄ ሳያንስ አንድ ቀን ሽያጭ እየተመዘገበ መብራት ድርግም አለ። 4 ባትሪ ከስቶክ ተቀንሷል፣ ዱቤው ግን የለም። ባለሱቁ ጋሼ ደብተራቸውን ከመሳቢያ አውጥተው «ይሄ መብራት አይፈልግም» አሉኝ። አፈርኩ።

ቴብል ላይ ደንበኛው አንድ ረድፍ ነው፣ ሽያጩ የሱን መለያ ቁጥር ብቻ ይይዛል። ስልኩን አንድ ቦታ ትቀይራለህ፣ አለቀ። የስቶኩን ቅነሳና ዱቤውን በአንድ ትራንዛክሽን ካሰርካቸው ደግሞ ወይ ሁለቱም ይገባሉ ወይ አንዱም አይገባም። የቴብሉን ሐሳብ ኤድጋር ኮድ የሚባል የአይቢኤም ተመራማሪ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው፣ ስለዚህ ጓደኛህ የድሮ ነው ማለቱ አልተሳሳተም። ድሮም ግን ዱቤ ነበረ።

ሞንጎን አትንኩብኝ
ኧረ ስሙን በየቦታው የደገምከው አንተው ነህ፣ ሞንጎ ምን አደረገ? ብዙ ዶክመንት የሚያስር ትራንዛክሽንም ከስሪት 4.0 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ አለው። ጀማሪው ግን ልብ በል፣ ሬፕሊካ ሴት (የአንድ ዳታ ቅጂ የሚይዙ የሞንጎ ሰርቨሮች ስብስብ) ካላዋቀርክ አይሠራልህም፣ ዝም ብለህ ጭነህ ብትሞክረው ኤረር ነው የሚመልስልህ። እኛ ሜክሲኮ አካባቢ ካለው ቢሯችን የመኪና ጂፒኤስ እንሰበስባለን። መሣሪያዎቹ ዓይነታቸው ብዙ ነው፣ አንዱ ነዳጅ ይልካል፣ አንዱ የበር መከፈት። ለዚህ ሞንጎን የሚያህል አላየሁም፣ ከሺህ አንዷ መልእክት ብትጠፋም ማንም አይከሰኝም። ላንተ ዱቤ ግን እኔም ፖስትግሬስ ነው የምለው።

የሒሳብ ክፍል ልጅ
ሁለት ዳታቤዝ አያስፈልግህም። ፖስትግሬስ ከስሪት 9.4 ጀምሮ ጄሰንቢ የሚባል፣ ከዕቃ ዕቃ የሚለያየውን መረጃ አንድ ላይ የሚይዝ የኮለም ዓይነት አለው። ስም፣ ዋጋና ብዛት በራሳቸው ኮለም ይሁኑ፣ አምፒሩንና ሊትሩን ጄሰንቢው ውስጥ ክተተው፣ ጂን ኢንዴክስ (እንደ መጽሐፍ ማውጫ ያለ) ካደረግክለት ፍለጋውም ይፈጥናል። የመኪና ሞዴልን ግን እዚያ እንዳትወረውረው! አንድ ፍሬን ሸራ ለብዙ መኪና ይሆናል፣ ስለዚህ የራሱ ቴብል ይገባዋል።

ብርን በፍሎት (አስርዮሽን በግምት በሚይዝ የቁጥር ዓይነት) አታስቀምጥ፣ ልኩን የሚይዘውን ኑሜሪክ አድርገው፤ በፍሎት 0.1 ሲደመር 0.2 ልክ 0.3 አይመጣም። ቀኑን በፈረንጅ አስቀምጠህ ስታሳይ ብቻ ወደኛ ቀይረው። የካቲት 30ን እንደ ፌብሩዋሪ ቆጥረህ ቀጥታ 2ኛ ወር 30 ብለህ ብታስገባ ፖስትግሬስ ይመልስብሃል፤ ሞንጎ ላይ በጽሑፍ መልክ ካስገባኸው ዝም ብሎ ይውጠዋል፣ የምትደነግጠው ሪፖርት ስታወጣ ነው። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ደግሞ ለየትኛውም ዳታቤዝ ሦስት የተለያየ ስም ነው። ፊደሉን ወደ አንድ ያመጣህበት የፍለጋ ኮለም ለብቻው ያዝ።

ጀማሪው
በቃ ፖስትግሬስ። አመሰግናለሁ፣ በተለይ የሞዴሉን ነገር ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ዛሬ ደንበኞቹን ላስገባ የዱቤ ደብተሩን ገለጥኩ። ሦስት ቦታ «አቤ ላዳ» ይላል። አንድ ረድፍ ላደርጋቸው ስል የኛ ሱቅ ጋሼ «ኧረ ሦስቱም የተለያዩ ሰዎች ናቸው» አሉ። ስልካቸው? «በመልክ ነው የማውቃቸው።»