በጁላይ ሙቀት ከዳር ሆኖ ባስ የተባለውን ዓሣ ለማጥመድ የትኛው ሉር (ሰው ሠራሽ ማጥመጃ) ይሻላል?

ጥያቄ (የበርክ ሌክ ጎረቤት)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የሌሊት ሠራተኛ ስለሆንኩ በርክ ሌክ (ሐይቁ) የምደርሰው ረፋድ 4 ሰዓት ገደማ ነው። ጀልባ የለኝም፤ ከዳር ሆኜ ነው የምወረውረው። በስፕሪንግ ደህና ይይዝልኝ የነበረው ክራንክቤት (ሲጎተት የሚጠልቅ፣ የዓሣ ቅርጽ ያለው ሉር) አሁን በወረወርኩ ቁጥር ሣር ተሸክሞ ይመለሳል፣ ባስ ግን የለም። ብዙ ዕቃ መግዛት አልችልም። ለዚህ ሙቀት ሁለት ሉር ብቻ ምረጡልኝ።

መልስ (ጋሽ አጥማጅ)፦
ወንድሜ፣ ክራንክቤቱን ለጊዜው አሳርፈው። በተንጠለጠሉት መንጠቆዎች ሣር ውስጥ አያልፍም። ቀጥ ያለ ባለ 5 ኢንች የፕላስቲክ ትል ግዛ፤ ቀለሙ ግሪን ፓምፕኪን (ወደ ቡናማ ያደላ አረንጓዴ) ይሁን። መጠኑ 3/0 በሆነ ኦፍሴት (አንገቱ የታጠፈ) መንጠቆ፣ ቴክሳስ ሪግ በሚባለው አሰካክ አድርገው፤ የመንጠቆው ጫፍ ትሉ ውስጥ ስለሚደበቅ ሣር አይይዝም። የእርሳስ ክብደት አታስርበት። ወርውርና ክሩን ላላ አድርገህ በራሱ ይውረድ፤ ባስ ብዙ ጊዜ የሚነክሰው ሲወርድ ነው። ስለዚህ ዓይንህን ከክሩ አትንቀል። ወደ ጎን ከሄደ ወይም መውረዱን ድንገት ካቆመ፣ የላላውን ክር ጠቅልለህ ዘንጉን በኃይል ሳብ።

በዚያ ሰዓት ደግሞ ሩቅ አትወርውር። ብዙ ሰው ዓሣው ከሙቀት ሸሽቶ ጥልቁ ውስጥ ገብቷል ብሎ ያስባል። በእንዲህ ያሉ ሐይቆች ግን በሰመር የታችኛው ውኃ ኦክስጅን ያጥረዋል፤ ባስም እዚያ አይቆይም። ውኃው ላይ ያጋደለ ዛፍ፣ የወደቀ ግንድ፣ የሣሩ ጠርዝ፣ ባጠቃላይ ጥላ ያለበትን ሁሉ ሞክር።

መልስ (የፖቶማክ ሰው)፦
በትሉ እስማማለሁ። ሁለተኛው የፕላስቲክ እንቁራሪት ይሁን። ሣሩ ውኃውን ምንጣፍ አድርጎ ከሸፈነበት ቦታ ላይ ጎተት፣ ቆም እያደረግክ አምጣው። ዓሣው መትቶት ውኃው ሲፈነዳ ወዲያው አትሳብ! ክብደቱ እጅህ ላይ እስኪሰማህ ጠብቅ፤ የሚያመልጠው አብዛኛው ዓሣ በችኮላ ነው። ፖቶማክ ወንዝ ከመጣህ ስኔክሄድ የሚባለው ዓሣም ይመታዋል። እዚያ ግን ከሰዓቱ ይልቅ ከባሕሩ ጋር የሚመጣውን የወንዙን ውኃ መውጣትና መውረድ ተከተል፤ ውኃው እየወረደ ሳለ ባሱ ወደ ሣሩ ጠርዝ ይወጣል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያለኝ 8 ፓውንድ የሚችል ተራ ክር ነው፤ ይበቃል?

መልስ (ጋሽ አጥማጅ)፦
ሣር በሌለበት ለትሉ ይበቃል። ሣር ውስጥ ግን ይበጠስብሃል፤ ዓሣውም መንጠቆውን አፉ ውስጥ ይዞ ይቀራል። ገንዘብህን ከሉር በፊት ክር ላይ አውጣ፦ ለትሉ 15 ፓውንድ፣ ለእንቁራሪቱ ባለ 50 ፓውንድ ብሬድ (የተጎነጎነ ክር)።

መልስ (እህታችሁ ከሜሪላንድ)፦
አንድ ነገር ልጨምር። ዝናብ ዘንቦ ውኃው ከደፈረሰ ትሉን በጥቁርና ሰማያዊ ቀይረው። የምትለቀው ከሆነ ደግሞ እባክህ ፎቶ ለማንሳት አታቆየው፤ በሞቀ ውኃ ታግሎ የደከመ ባስ ቶሎ ይሞታል። እጅህን አርጥበህ ያዘው፣ መንጠቆውን በፒንሳ ንቀልና ወዲያው ልቀቀው።