ነገ ጠዋት እዚያው ክፍል ልገባ ነው፤ የሶቅራጥስ ዘዴ ከሸፈብኝ

ጠመኔ (ጠያቂ)፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ነገ አንደኛ ክፍለ ጊዜ እዚያው ክፍል እገባለሁ። ስለ ጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ ስለ ሶቅራጥስ ሳነብ ሰንብቼ ዘዴውን ዛሬ ሞከርኩት። ምንም ሳላስረዳ ጥያቄ ብቻ። 1/2 ሲደመር 1/3 ስንት ነው አልኩ። ዝም። ደግሜ ጠየቅሁ። ዝም። በመጨረሻ አንዷን ተማሪ በስሟ ጠራኋት። «2/5» አለች። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ልጅቷ አቀርቅራ እስኪደወል ቀና አላለችም። ምን ላድርግ?

ደወል፦
ከጠየቅህ በኋላ ታገስ። በልብህ እስከ 5 ቁጠር። ብዙዎቻችን ልጆቹ ሳያስቡ ራሳችን እንመልሳለን።

አሮጌ መዝገብ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሰውየውን በደንብ ማወቅ ያስፈልጋል። ሶቅራጥስ የአቴና ሰው ነው። አንድም ጽሑፍ አልተወልንም፤ የምናውቀው በይበልጥ በተማሪው በፕላቶ በኩል ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ወጣቶችን ያበላሻል ተብሎ ተፈርዶበት መርዝ ጠጥቶ ሞተ። እናቱ አዋላጅ ነበረች። እሱም ሥራውን ከማዋለድ ጋር ያመሳስለው ነበር። ሐሳቡ የተማሪው ነው፣ የአስተማሪው ድርሻ እንዲወለድ መርዳት ነው። ይህን ሳይዙ ጥያቄ መደርደር ፈተና ይሆናል።

የኋላ ወንበር፦
እሱን መርዝ አጠጡት፣ አንተን የሳቁት ተማሪዎችህ ናቸው፤ አይዞህ! ቀልዱን ልተወውና፣ ፕላቶ የጻፈውን የልጁን ታሪክ አስታውስ። ሶቅራጥስ ሜኖን የሚባል ሰው አገልጋይ የሆነን ልጅ ጎኑ 2 የሆነ ካሬ አሳየው። ስፋቱ 4 ነው። «ስፋቱ 8 እንዲሆን ጎኑ ስንት ይሁን?» አለው። ልጁ 4 አለ፤ ስፋቱ 16 ሆነ። 3 አለ፤ 9 ሆነ። ከዚያ «አላውቅም» አለ። ሶቅራጥስ ደግሞ ልጁ አለማወቁን ማወቁ ራሱ እርምጃ ነው አለ። ዋናው ነገር ሥዕሉ ልጁ ፊት ነበር። ያንተ ልጆች ፊት ምን ነበር? ወረቀት አስይዛቸው። ለ6 እኩል ይጠፉት። ግማሹ 3 ክፍል፣ ሲሶው 2 ክፍል። 5/6 እጃቸው ላይ ይወጣል።

ባለ ሁለት መነጽር፦
እኔ ጥያቄህን ራሱን አልቀበለውም። ሶቅራጥስ ከአንድ ከሁለት ሰው ጋር ነበር የሚነጋገረው። አንተ ክፍል ሙሉ ልጅ ይዘሃል። ይልቅ ከጥንቱ ቻይናዊ ፈላስፋ ከኮንፊሽየስ ተማር። ሁለት ተማሪዎቹ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁት፦ የሰማሁትን ወዲያው ልሥራበት? አንዱን ቆይ፣ ታላላቆችህን አማክር አለው። ሌላውን አዎ፣ አሁኑኑ አለው። ግራ የገባው ሦስተኛ ተማሪ ምክንያቱን ሲጠይቅ፣ አንደኛው ችኩል ስለሆነ ያዝኩት፣ ሁለተኛው ወደኋላ ስለሚል ገፋሁት አለ። የጠራሃት ልጅ ከየትኛው ወገን ናት?

ጠመኔ፦
58 ናቸው፣ ሰባተኛ ክፍል። መናገሩን ረሳሁት። ልጅቷ እጅ አውጥታ አታውቅም።

ደወል፦
እስከ 5 መቁጠሩን እንዳትረሳ።

ቀይ እስክሪብቶ፦
ወንድሜ፣ አንድ ነገር አልነገርከንም። ሲስቁ አንተ ምን አደረግህ?

ጠመኔ፦
ፈገግ ያልኩ ይመስለኛል።

ቀይ እስክሪብቶ፦
እንግዲያው ሥራህ ከዚያ ይጀምራል። ክፍለ ጊዜው ሳይጀመር ለብቻዋ ይቅርታ ጠይቃት። እኔም አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ልጅ ዝም ብሎብኝ አልፏል፣ ዛሬም ያንገበግበኛል። ከዚያ ስሟን ሳታነሳ ሰሌዳው ላይ 2/5 ጻፍ። «ይህ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» በል። ያንሳል። ግማሽ ላይ ጨምረን እንዴት ከግማሽ አነሰ? መልሱን ሁለት ሁለት ሆነው ይነጋገሩበት፣ ማንንም በስም አትጥራ። ወረቀቱን ከዚያ በኋላ አውጣ። ስህተቷ የክፍሉ ሁሉ ጥያቄ ይሆናል፣ የሚስቅም አይኖርም።

የውሃ ቧንቧ፦
የኋላ ወንበር ስለ ወረቀቱ ያለው ልክ ነው። አሜሪካዊቷ አስተማሪ አን ሰሊቫን ማየትና መስማት የማትችለው ሄለን ኬለር ዘንድ እ.ኤ.አ. ማርች 3፣ 1887 ደረሰች። መዳፏ ላይ ፊደል እየጻፈች ብዙ ቃል አስተማረቻት፤ ልጅቷ ግን ኩባያና ውሃን ታምታታ ነበር። ኤፕሪል 5 ቀን አንዱን እጇን የሚፈስ ውሃ ስር አድርጋ በሌላው ላይ «ውሃ» ብላ ጻፈችላት። ያኔ ገባት። ከአንድ ወር በላይ ፈጅቷል። ነገ ባይሳካልህ ከነገ ወዲያ ሞክር።

ቀይ እስክሪብቶ (በማግስቱ ማታ)፦
ጠመኔ፣ እንዴት ሆነ? ልጅቷ መጣች?