አስቸኳይ! ነገ ጠዋት ቀብድ ክፈሉ ተብለናል፣ ይህን የስፐርም ውጤት የሚያይልኝ

የጠባሴው፦ ሰላም፣ ከደብረ ብርሃን ነኝ። ከተጋባን 4 ዓመት ሆነን፣ ልጅ የለም። ባለቤቴ የማህፀን ቱቦ ራጅ ተነስታ ክፍት ነው ተባለች። የእኔ ትናንት መጣ፦ መጠን 2 ሚሊ ሊትር፣ ብዛት በሚሊ 9 ሚሊዮን፣ ወደፊት የሚሄደው 15 በመቶ። አዲስ አበባ ያለ ክሊኒክ ፎቶውን አይቶ «ለአይዩአይ (ዘሩን በቀጭን ቱቦ ማህፀን ውስጥ ማስገባት) አትሆኑም፣ ቀጥታ ኢክሲ (ላብራቶሪ ውስጥ አንድ ስፐርም በመርፌ እንቁላሉ ውስጥ ማስገባት)» አለን። አማቴ በሬያቸውን ሊሸጡ ነው። ሌላ መንገድ የለም? ቶሎ በሉ።

የመንዝ ልጅ፦ ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ውረዱ።

አስተዋይ፦ ወንድሜ፣ መመርመርህን አደንቃለሁ። እኛ አገር ልጅ ሲጠፋ መካን የምትባለው ሴቷ ናት፤ ስንቷ በዚህ ተፈታለች! አሁንም ሲጋራ፣ ጫት፣ አረቄ ካለ...

ጠራ ተራራ፦ አስተዋይ፣ ልጁ ነገ ሊከፍል ነው፤ ስብከቱን ለእሁድ።

ላብራቶሪስቷ፦ ናሙናውን የት ሰጠህ? ስንት ቀን ተቆጥበህ? በቅርቡ ትኩሳት ነበረብህ?

የጠባሴው፦ እዚህ የመረመረኝ ክሊኒክ ሽንት ቤቱ በሩ አይዘጋም፣ ከቤት ነው ያመጣሁት። ጠዋት 1 ሰዓት በባጃጅ፣ ብልቃጡ ጃኬት ኪሴ ውስጥ። ከዚያ ወረፋ። ተቆጠብ ያለኝ የለም፣ ዋዜማውን አብረን ነበርን። ባለፈው ወር ሸዋ ሮቢት ለሥራ ወርጄ ወባ አንዘፈዘፈኝ፣ ግን ምን አገናኘው?

ጠራ ተራራ፦ በኅዳር ውርጭ በባጃጅ! በከተማችን ብርድ ልብስ ብትጠቀልላቸው ምን ነበረበት 😂

ላብራቶሪስቷ፦ በደንብ ያገናኘዋል። ዘር ተሠርቶ እስኪወጣ 2 ወር ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ አሁን የሰጠኸው ወባው ሲያነድህ በመሠራት ላይ የነበረው ነው። ትኩሳት ብዛቱንም ይቀንሳል። ብርድና ወረፋ ደግሞ እንቅስቃሴውን ያደክማሉ። የአዲስ አበባው ክሊኒክ አልዋሸህም፦ 2 በ9 በ15 በመቶ 2.7 ሚሊዮን ነው፤ ብዙ ቦታ ለአይዩአይ ቢያንስ 5 ሚሊዮን ተንቀሳቃሽ ይፈልጋሉ። እኔ የምጠረጥረው ወረቀቱን ነው። ከትኩሳቱ 3 ወር ሲሞላህ ድገም። ከ2 እስከ 7 ቀን ተቆጠብ። እዚያው ስጥ፤ ካልሆነ ብልቃጡን ከሸሚዝህ ሥር ገላህ ላይ አድርገህ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አድርስ።

የመንዝ ልጅ፦ ሸንኮራ ዮሐንስ አልኩ እኮ።

ሁለት ልጅ አለኝ፦ በእኔ ጊዜ ብዛቱ በሚሊ 11 ሚሊዮን ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የ2021 (እ.ኤ.አ.) ዝቅተኛ ልክ በሚሊ 16 ሚሊዮን ነው፣ ከዚያ በታች መሆን ግን መካንነት አይደለም። ደግመህ ተመርመር።

ሰላድንጋይ፦ ሁላችሁም ድገም ድገም ትላላችሁ። የባለቤትህ ዕድሜ ስንት ነው? እሷ 38 ከሆነች 3 ወር ቀላል አይደለም። ኢክሲም ጭራቅ አይደለም፤ ለአንድ እንቁላል አንድ ደህና ስፐርም ይበቃዋል። ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ጳውሎስ ሆስፒታልን ጠይቁ፣ የመንግሥት ነው።

የጠባሴው፦ 27 ዓመቷ ነው። ቆይ፣ አማቴ ጋ ልደውል፣ ገበያ መንገድ ላይ ናቸው።

ጠራ ተራራ፦ አንተ ልጅ፣ ሳምንት ሆነህ። በሬው ተረፈ?