በልዩ ፍላጎት ተማሪዎች ቤተሰብና በትምህርት ቤት መካከል አገናኝ ሆኖ መሥራት፦ የማን ወገን ልሁን?

ጥያቄ
ረዳት መምህርት ከአራብሳ፦

ጤና ይስጥልኝ። በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አቅራቢያ ባለ አንድ የመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በልዩ ፍላጎት ክፍል ውስጥ በረዳት መምህርትነት ስሠራ ይህ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ዘንድሮ ርዕሰ መምህሩ አስጠርተው፣ በክፍላችን በሚማሩት 19 ልጆች ቤተሰቦችና በትምህርት ቤቱ መካከል አገናኝ ሆኜ እንድሠራ መደቡኝ። የተጻፈ የሥራ መዘርዝር አልተሰጠኝም፤ የተነገረኝ ነገር ቢኖር «ወላጆቹ ስለሚቀርቡሽ አንቺ ስትነግሪያቸው ይሰማሉ» የሚል ብቻ ነው።

ሥራውን ከጀመርሁ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው፤ እስካሁንም የማን ወገን እንደሆንሁ ለራሴ መመለስ አልቻልሁም። ትምህርት ቤቱ የሚልከኝ አብዛኛውን ጊዜ ወላጅ መስማት የማይፈልገውን ነገር እንዳደርስ ነው። ወላጆች በበኩላቸው አንድ ነገር ሲፈልጉ «አንቺ እዚያው ውስጥ ነሽና አስፈጽሚልን» ይሉኛል፤ ሳይፈጸም ሲቀር ደግሞ የሚቀየሙት እኔን ነው።

አንዱን ጉዳይ ልንገራችሁ። አንድ የ11 ዓመት ተማሪያችን የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት፤ የሚጥል ሕመምም አለበት። በኅዳር ወር ውስጥ ትምህርት ቤት ሳለ ሁለት ጊዜ ጣለው፤ ሁለተኛው በጠዋት ሰልፍ ላይ ስለነበረ ተማሪው ሁሉ አየ። ከዚያ በኋላ «ለጊዜው ቤት ይቆይ፣ ሲሻለው ይመለሳል ብለሽ ለእናቱ አስረጂ» ተባልሁ። እናቱ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ፣ በብሎኮቹ መካከል ጉሊት ዘርግታ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ናት፤ መሸጥ የምትችለውም እሱ ትምህርት ቤት በሚውልባቸው ሰዓቶች ነው፤ ልጁ ቁርሱንና ምሳውን የሚበላውም በትምህርት ቤቱ ምገባ ነው። መልእክቱን ሳልናገር አምስት ቀን አልፏል። በየጠዋቱ በሩ ላይ ልጇን አስረክባኝ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ስትሄድ ዓይኗን ማየት አቅቶኛል።

ሌላው ችግሬ ወላጆች ስደውልላቸው መደንገጣቸው፣ ስጠራቸውም አለመምጣታቸው ነው። ባለፈው በጠራነው ስብሰባ ከ19 ቤተሰብ የተገኙት 4 ብቻ ናቸው። በዚህ ሥራ ላይ የቆያችሁ፣ ወይም ከወላጅ ወገን ሆናችሁ ያያችሁት፣ እንዴት አድርጌ ልያዘው?

መልስ 1
የልዩ ፍላጎት መምህር፣ ጀሞ፦

እህቴ፣ እኔ ስሙ ሳይሰጠኝ እርስዎ አሁን የያዙትን ሥራ ከማስተማሩ ጎን ለጎን ለ6 ዓመት ሠርቼዋለሁ። መልእክቱን አለማድረስዎ ይገባኛል፤ ዝም ብሎ መያዙ ግን አይበጅም። ርዕሰ መምህሩ «ነግራታለች» ብለው ያስባሉ፣ እናትየዋ «ምንም ችግር የለም» ብላ ታስባለች፣ ነገሩ አንድ ቀን ሲወጣ ደግሞ በሁለቱም ዘንድ የሚታመን ቃል አይኖርዎትም። ስለዚህ ተመልሰው ይግቡና «ይህ የትምህርት ቤቱ ውሳኔ ከሆነ በደብዳቤ ይጻፍልኝና ላድርስ» ይበሉ። ልጅን በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከትምህርት ማስቀረት በቃል የሚነገር እንጂ ማኅተም የሚያርፍበት ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 24 ማንም ሰው በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከአጠቃላይ የትምህርት ሥርዓቱ ውጭ እንዳይደረግ ይደነግጋል፤ በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9 መሠረት ደግሞ የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ይህን ሁሉ ለርዕሰ መምህሩ ማንበብ አያስፈልግም፤ እርስዎ ግን ቢሯቸው ሲገቡ ምን ላይ እንደቆሙ ይወቁ።

ከዚያ ደግሞ ሐሳቡ ከማን እንደመጣ ያጣሩ። እኔ እንዳየሁት «ቤት ይቆይ» የሚለው ነገር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከመምህራን ፍርሃት ነው። ሕመሙ በአረፋው ይተላለፋል ብሎ የሚያምን ዲግሪ ያለው ባልደረባ ገጥሞኝ ያውቃል። ልጁ የወደቀ ጊዜ ምን ተደረገለት? ክብሪት ጭረው አሽትተውት ከሆነ አይግረምዎት፤ የሚያደርጉት ሌላ ስለማያውቁ ነው። ለዚህ 20 ደቂቃ የማይሞላ ገለጻ ይበቃል፦ በጎኑ አስተኙት፣ ከራሱ ሥር ጃኬት አጥፋችሁ አድርጉለት፣ መንፈራገጡን በጉልበት ለማስቆም አትሞክሩ፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጣት አትክተቱ፣ ክብሪቱን ተዉት፣ ሰዓት ተመልከቱ፣ 5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ይህን ከእርስዎ ይልቅ የጤና ጣቢያ ነርስ ብትነግራቸው የበለጠ ይቀበሉታል። እናትየዋንም ስለ መድኃኒቱ ይጠይቋት፤ ምን እንደሚወስድ፣ በስንት ሰዓት እንደሚወስድ፣ ሰሞኑን አልቆበት ያደረበት ቀን እንዳለ። ጥያቄው ክስ እንዳይመስልባት ቀስ ብለው ያንሡት።

ወደ ስብሰባው ልመለስ። በእኛ አገር ትምህርት ቤት ወላጅ የሚጠራው መቼ እንደሆነ ያስቡት። «ወላጅ አምጣ» የተባለ ልጅ ወይ መስኮት ሰብሯል፣ ወይ ተደባድቧል። የእኛ ተማሪዎች ወላጆች ደግሞ በዚህ ላይ ሌላ ነገር ይጨመርባቸዋል፤ ከዚህ በፊት ሊያስመዘግቡ በሄዱበት በር ሁሉ «እዚህ አይሆንም» ተብለው የተመለሱ ናቸውና፣ የእርስዎ ስልክ ሲጮኽ «ውሰዱት ልባል ነው» ብለው ይሰጋሉ። እኔ ዓመቱ ሲጀመር በመጀመሪያው ወር ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ጊዜ መልካም ወሬ ብቻ ይዤ እደውል ነበር። መልካም ወሬ ስል «ጎበዝ ልጅ ነው» ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ያለውን እናት አታምነውም። «ዛሬ ከምሳ በፊት ማንም ሳይነግረው እጁን ታጠበ፣ የጃኬቱን ሁለት ቁልፍ ራሱ ቆለፈ፣ ሦስተኛውን እኔ አገዝሁት» ይበሉ። አንድ አባት ይህን ሰምቶ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አለና «ቤት እኮ እናቱ ናት የምትቆልፍለት» አለኝ። የዚያን ልጅ የተናጠል የትምህርት ዕቅድ፣ በተለምዶ አይኢፒ የምንለውን፣ በትክክል የጻፍነው ከዚያ ስልክ በኋላ ነው። ቀድሞ በፋይሉ ውስጥ የነበረው ከሌላ ተማሪ የተገለበጠ ነበር፤ ገልባጩም እኔው ነበርሁ።

መልስ 2
እናት ከቱሉ ዲምቱ፦

እኔ የምጽፈው ከወላጅ ወገን ነው። ልጄ 9 ዓመቷ ነው፤ ሴሬብራል ፓልሲ የሚባል፣ ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር አለባት። የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን ሊፍት የለውም። ጠዋት እሷን አዝዬ አወርዳትና ከጥበቃው ቤት አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ አስቀምጣታለሁ፤ ከዚያ ተመልሼ ዊልቸሯን አወርዳለሁ። ባጃጁ ዊልቸሩን ሲያይ የሁለት ሰው ሒሳብ ይጠይቃል፤ ካልከፈልሁ የሚቀጥለውን እጠብቃለሁ። በዚህ ምክንያት ልጄ ሁለት ዓመት ሙሉ «አርፋጅ» ተብላ ስትመዘገብ ኖራለች፤ ለምን ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም። በኋላ አገናኝ ሆና የተመደበችው መምህርት አንድ ቀን ጠዋት ቤቴ መጥታ፣ ዊልቸሩን እሷ ተሸክማ ወረደች፤ እስከ ክፍል ድረስም አብራን ሄደች። በዚያው ሳምንት የክፍሉ ፕሮግራም ተቀይሮ የንባብ ክፍለ ጊዜ ከመጀመሪያው ወደ ሦስተኛው ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ ልጄ ብታረፍድም የንባብ ትምህርት አያመልጣትም።

ከእሷ በፊት የመጣች ሌላ ሠራተኛ ግን ቤት እንኳ ሳትገባ፣ ደረጃው ላይ ቆማ፣ ጎረቤት በሩን ገርበብ አድርጎ እየሰማ፣ «ከቤተሰባችሁ ሌላ እንዲህ ያለ ሰው አለ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። የመለስሁላትን አላስታውስም፤ የበሩን ሲጥታ ግን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

እህቴ፣ ስትመጪ ደውለሽ ነይ። ቡና ሲቀርብልሽ ቸኩያለሁ አትበይ። የጻፍሽውን ከመሄድሽ በፊት አንብቢልን። ማንበብ የማንችል ስላለን፣ በደብተር ከምትልኪልን ይልቅ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ብትልኪልን ለጎረቤት ልጅ ከማስነበብ እንድናለን። ጸበል ልንሄድ ነው ስንልሽም አትከራከሪን፤ መቼ እንደምንመለስ ጠይቂን፣ መድኃኒቱንም ይዛችሁ ሂዱ፣ አታቋርጡት በይን። እኔ ሁለት ሳምንት ጸበል ቆይቼ ስመለስ ልጄን «አቋርጣለች» ብለው ከስም መጥሪያው ሰርዘዋት ጠበቁኝ።

ነፍሳቸውን ይማርና፣ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ለገዛ ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ቢያጡ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ሁላችንም ማዕከል መክፈት አንችልም፤ እኔማ በሰዓቱ መድረስም አቅቶኝ ነበር።

መልስ 3
ጡረታ የወጣሁ ርዕሰ መምህር፦

ልጄ፣ ከጀሞው መምህር ጋር በብዙው እስማማለሁ፤ «በደብዳቤ ይጻፍልኝ» በሚለው ግን አልስማማም። ለ22 ዓመት ከጠረጴዛው በዚያኛው በኩል ተቀምጬ ስለኖርሁ፣ ከሠራተኛ አፍ ይህ ሲወጣ ለርዕሰ መምህር እንዴት እንደሚሰማ አውቀዋለሁ፤ «ላስመሰክርብህ ነው» ማለት ነው። ልጁ ወድቆ ራሱን ቢመታ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ሥጋታቸውን የሚያቃልል ነገር ይዘሽ ግቢ፤ ልጁን ማን በቅርብ እንደሚከታተለው፣ የእናቱ ስልክ ቁጥር የት እንደሚለጠፍ፣ ቢጥለው ማን ምን እንደሚያደርግ፣ ወደየትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚወሰድ በአንድ ገጽ ጽፈሽ «ለአንድ ወር እንሞክረው» በያቸው። እንቢ ካሉ ደብዳቤውም፣ የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱም፣ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትም የትም አይሄዱም።

የሥራ መዘርዝሩንም ሰው እስኪጽፍልሽ አትጠብቂ፤ ራስሽ ጽፈሽ አስፈርሚ። የታክሲና የስልክ ካርድ ወጪሽን ማን እንደሚሸፍን ይግባበት። ከዚህም በላይ፣ በሰው ቤት የሰማሽውን ምሥጢር ለማን መናገር እንዳለብሽና እንደሌለብሽ ይግባበት። በእናንተ አካባቢ አፋን ኦሮሞ ብቻ የሚናገሩ ቤተሰቦችም አይጠፉም፤ ቋንቋውን የሚችል መምህር ይዘሽ ሂጂ እንጂ ልጆቻቸውን አስተርጓሚ አታድርጊ። እኔ አንድ ጊዜ የ10 ዓመት ልጅ ስለ ወንድሟ ለአባቷ እንድታስተረጉም አደረግሁ፤ የተናገርሁትን ግማሹን ውጣ እንዳስቀረችው ያወቅሁት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው።

ረዳት መምህርት ከአራብሳ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወደ ርዕሰ መምህሩ ከመግባቴ በፊት እናትየዋ ቤት ሄድሁ፤ ደውዬ፣ ጉሊቷን ካነሣች በኋላ። ስለ መድኃኒቱ ስጠይቃት መጀመሪያ «በደንብ ይወስዳል» አለችኝ። ቶናው ሲቀዳ ግን ተነሥታ ከቁም ሣጥኑ የመድኃኒት ፖስታውን አወጣች፤ በውስጡ ያሉት ኪኒኖች በቢላ ለሁለት የተከፈሉ ነበሩ። ክትትል ወደሚደረግለት ሆስፒታል ደርሶ መመለስ የሙሉ ቀን ገበያ ስለሚያስቀርባት፣ እንዲበረክትላት ብላ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ግማሽ ግማሽ ስትሰጠው ቆይታለች። በኅዳር ለምን እንደጣለው ያን ጊዜ ገባኝ። ይዤው የቆየሁትንም መልእክት ነገርኋት፤ ቤት እንዲቆይ ታስቦ እንደነበረና እኔ ሌላ ሐሳብ ይዤ እንደምገባ። «ስትሸሺኝ ጠርጥሬ ነበር» አለችኝ።

በጋሼ ምክር መሠረት አንዷን ገጽ ጽፌ ገባሁ። ርዕሰ መምህሩ የአንድ ወር ሙከራውን ፈቅደዋል፤ ነገር ግን ልጁ ከሰልፍ ይቅር ብለዋል። በሰልፉ ነገር አልተስማማሁም፤ ለጊዜው ግን ተቀብያለሁ። ነርሷ ዓርብ መጥታ ለመምህራኑ ገለጻ ትሰጣለች። እናትየዋ ማክሰኞ ሆስፒታል ስትሄድ ጎረቤቷ ጉሊቱን ትጠብቅላታለች፤ ኪኒኑን ትከፍል እንደነበረም ለሐኪሙ ራሷ እንድትነግረው ተስማምተናል።

የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ ርዕሰ መምህሩ «ለመሆኑ በዚያ ወር ምን ሆኖ ነው የጣለው?» ብለው ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው?

ጡረታ የወጣሁ ርዕሰ መምህር፦

«የመድኃኒት አወሳሰዱ ላይ ችግር ነበረ፤ አሁን ሐኪም እያየው ነው» በያቸው። ይህ ይበቃቸዋል። ግማሽ ኪኒኑ እናቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቅር።