የባህል ኦርኬስትራ «ገጠመ፣ አልገጠመም» የሚለውን በቁጥር እንዴት እንለካው?

ፒያሳ_ቤዝክራር
ሰላም ለሁላችሁ። 14 ነን፦ 3 ክራር፣ 1 ቤዝ ክራር፣ 3 ማሲንቆ፣ 2 ዋሽንት፣ 1 ከበሮና 4 ድምፃውያን። የምንለማመደው ፒያሳ፣ 9 ሜትር ርዝመት ባለው ክፍል ነው። ከበሮው «ክራሮቹ ይጎተታሉ» ይላል፣ ክራሮቹ «ከበሮው ይሮጣል» ይላሉ። በጆሮ ብቻ መከራከሩ አላዋጣም። ላፕቶፕ፣ ባለ 4 መግቢያ ሳውንድ ካርድና 4 ማይክ አለን። ማን በስንት እንደሚቀድም እንዴት እንወቅ?

ሞገድ
በአራት ስልክ ቀርጻችሁ ለማገጣጠም እንዳትሞክሩ። የስልኮች ሰዓት እኩል አይሄድም። ልዩነቱ ከሚሊዮን 20 ብቻ ቢሆን እንኳ በ10 ደቂቃ 12 ሚሊሰከንድ ይሆናል፤ የምትፈልጉት ቁጥር ደግሞ ያንኑ ያህል ነው። አራቱም ማይክ በአንዱ ሳውንድ ካርድ ይግባ፣ 48,000 ኸርዝ ላይ ቅረጹ። አንዱን ከበሮው ላይ፣ አንዱን መሪ ክራሩ ላይ፣ ሌሎቹን ቤዝ ክራሩና ማሲንቆው ላይ አድርጉ፤ ከመሣሪያው 20 ሳንቲሜትር አይራቁ።

ከዚያ ኦዳሲቲ (የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም) ላይ ከፍታችሁ አራቱም አንድ ላይ የሚመቱባቸውን 40 ቦታዎች ምረጡ። ሞገዱን አጉልታችሁ እያንዳንዱ የጀመረበትን ቅጽበት ኤክሴል ላይ መዝግቡ። የአራቱን አማካይ አውጡና እያንዳንዱ ከአማካዩ ስንት እንደራቀ አስሉ። ለምሳሌ በአንድ ምት፣ በሚሊሰከንድ፣ ከበሮ −18፣ ክራር +6፣ ቤዝ +10፣ ማሲንቆ +2 ሊመጣ ይችላል። መቀነስ መቅደም ነው፣ መደመር መዘግየት።

በ40ው ምት ላይ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ቁጥር ይወጣል፦ አማካይና ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ከአማካዩ ዙሪያ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ)። አማካዩ −18፣ መዋዠቁ 8 የሆነ ከበሮ መቺ ልማዱ ነው፤ ቢነገረው ያስተካክላል። አማካዩ ዜሮ፣ መዋዠቁ 80 የሆነ ግን ምቱን እየሰማው አይደለም፤ ከበድ ያለው ችግር እሱ ነው። በሙያተኛ አነስተኛ ቡድኖች ላይ የተለካው መዋዠቅ ራሱ ከ30 እስከ 50 ሚሊሰከንድ ስለሆነ 5 ሚሊሰከንድ ላይ አትጣሉ።

ደጋን4ኪሎ
@ሞገድ ማሲንቆውን ከክራር ጋር በአንድ ሚዛን መለካት ስህተት ይመስለኛል። ክራር ሲመታ ሞገዱ ወዲያው ሽቅብ ይነሳል፤ ደጋን ግን ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው፤ ጆሮም ድምፁን የሚይዘው ከፍ ካለ በኋላ ነው። ለማሲንቆ ሞገዱ የሙሉ ቁመቱን ግማሽ የደረሰበትን ነጥብ ውሰዱ። እሱም ግምት ነው፣ ስለዚህ ማሲንቆን ከማሲንቆ ጋር ማወዳደሩ ይሻላል።

ሌላው፣ ከበሮው ክራሩ ማይክ ውስጥ ይገባል። 3 ሜትር ርቀት 9 ሚሊሰከንድ ገደማ ስለሆነ ክራሩ የጀመረ መስሏችሁ የከበሮውን ጥላ ትመዘግባላችሁ። ከክራሩ ትራክ ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ ቆርጣችሁ ተመልከቱ።

ሞገድ
ትክክል ነው፣ ማሲንቆውን ለብቻው ይዩት። ርቀቱን ካነሳህ አይቀር፦ ከኋላ ግድግዳ ያለ ከበሮ መቺ 9 ሜትር ፊቱ ያለችውን ዘፋኝ የሚሰማት 26 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ነው። እሷን ተከትሎ ሲመታ የእሱ ምት ሌላ 26 ፈጅቶ ይደርሳታል። እሷ ጋ 52 ሚሊሰከንድ «ተጎተተ» ማለት ነው፣ ማንም ሳያጠፋ። ከበሮውን መሃል አምጡትና እንደገና ለኩ። «የአዲስ አበባ ከፍታ ነው» የሚል ካለ አትስሙት፤ የድምፅን ፍጥነት የሚለውጠው ሙቀቱ ነው እንጂ የአየሩ መሳሳት አይደለም።

ቅኝት_ጠባቂ
ምቱ ተስተካክሎም «አልገጠመም» ከተባለ ቅኝቱን እዩ። ቀዳዳው የማይነቃነቀው ዋሽንት ነው፤ ክራርና ማሲንቆ ወደ እሱ ይምጡ። ግን በጠዋት ብርድ እንዳትቃኙ፦ የንፋስ መሣሪያ በ1 ዲግሪ ሙቀት 3 ሴንት (ሴንት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው) ያህል ከፍ ይላል። ውስጡ ያለው አየር 10 ዲግሪ ሲሞቅ 30 ሴንት ነው፣ የግማሽ ድምፅ ሲሶ ማለት ይቻላል። 15 ደቂቃ ይነፋ፣ ከዚያ ክራሩ ይቃኝ።

አንቺሆዬ ቅኝት ላይ ደግሞ የስልክ ቱነር «ተሳስተሃል» ቢል አትደንግጡ፤ እሱ የሚያውቀው የፒያኖውን 12 ድምፅ ብቻ ነው። ክራሩ ከዋሽንቱ ስንት ሴንት እንደራቀ ለኩ፣ ከቱነሩ አይደለም። እነዚህን መሣሪያዎች በአንድ መድረክ ማሰለፍ እንደ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ካሉ ቡድኖች (እ.ኤ.አ. 1963) ወዲህ የተስፋፋ ነገር ነው፤ ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚጫወቱ ነበሩና እርስ በርስ መቃኘት ሁልጊዜ ጣጣ አለው።

ፒያሳ_ቤዝክራር
እጅግ አመሰግናለሁ። ድምፃውያኑንስ ከየት እንጀምር?

ደጋን4ኪሎ
አናባቢው ከሚከፈትበት። «ሰላም» ላይ «ስ» ብቻዋን እስከ 100 ሚሊሰከንድ ልትሄድ ትችላለች፤ ከእሷ ጀምራችሁ ከለካችሁ ሁሉም ቀዳሚ ሆኖ ይገኛል።