የድንገተኛ አደጋ ቡድናችንን ማን ያሰልጥን? ማንስ ያስተባብር?

የጣርማ በር ልጅ
ሰላም ወገኖች። ያለሁት ደብረ ሲና አካባቢ ነው። ሦስት እድሮች ተባብረን የድንገተኛ አደጋ ቡድን ልናቋቁም ነው። አካባቢውን ለምታውቁት መንገር አያስፈልግም፤ ክረምት ሲገባ መሬቱ ይንሸራተታል፣ ቁልቁለቱ ላይ ጉም ሲወርድ መኪና ይጋጫል። በመስከረም 1998 ይዛባ ወይን ላይ የደረሰውን የመሬት መንሸራተት እናቶቻችን ዛሬም ያነሱታል። አምቡላንስ እስኪመጣ ቀድሞ የሚደርሰው ጎረቤት ነው።

26 ፈቃደኛ ሰዎች አሉን። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማሰልጠን ስለማንችል መጀመሪያ አራቱ ሰልጥነው ሌላውን እንዲያስተምሩ አስበናል። ማንን እንምረጥ? አሰልጣኙና አስተባባሪው አንድ ሰው ቢሆንስ ችግር አለው? ከዚህ በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ስልጠና ሲጠራ የሄዱት ለአበሉ ብለው ነው፤ ተመልሰው ለማንም አንድ ነገር አላሳዩም። ያ እንዳይደገም ነው ጭንቀቴ።

ነርስ ከደብረ ብርሃን
ወንድሜ፣ ዲፕሎማ አይታችሁ አትምረጡ። አንድ የገጠር ቀበሌ ላይ የመጀመሪያ እርዳታ ስናስተምር መብራት ጠፋ። አሰልጣኙ ፕሮጀክተሩ ሲጠፋበት ዝም ብሎ ቆመ፣ የሚለው ሁሉ እዚያ ላይ ነበር። አንድ አባት ተነሱና ሁለት አጣና አመጡ። ጋቢያቸውን አንጥፈው አጣናዎቹን አኖሩበት፣ ጫፉን ከዚህም ከዚያም መልሰው አጠፉት፣ አንዱን ጎረምሳ አስተኝተው "እስቲ አንሱት" አሉን። ቃሬዛው ንቅንቅ አላለም። ከዚያ በኋላ ሌሎቹ ተራ በተራ እየሠሩ እሳቸው እጃቸውን እየያዙ ያርሙ ነበር። እኔ አሰልጣኝ የምለው እንዲህ ያለውን ሰው ነው። ደም ማቆሙን፣ የተሰበረ ማሰሩን፣ የአከርካሪ ጉዳት የጠረጠርከውን ሰው ዝም ብሎ አለማንሳቱን እኛ የጤና ባለሙያዎች እናስተምራቸዋለን። የማስተማር ትዕግሥቱን ግን በሦስት ቀን ልሰጣቸው አልችልም።

ሌላው፣ አሰልጣኙ "ቆይ" ሲል ሰው የሚሰማው ይሁን። በሐምሌ 2016 ጎፋ ላይ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ የተሰበሰቡ ሰዎች ሌላ ናዳ ተደርምሶባቸዋል። ከ200 በላይ ሰው ነው ያለቀው። ጩኸት ሰምቶ መሮጥ የእኛ ሰው ደም ውስጥ አለ፣ ደግነት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ተራራውን ቀና ብሎ ማየትን አስተምሩ። ስንጥቅ አለ? ውሃው ደፍርሷል? አንድ ሰው ላዩን የሚጠብቅ ቆሟል? ከዚያ ነው አካፋ የሚነሳው።

የመሐል ሜዳ ልጅ (ከአሜሪካ)
እኔ እዚህ ሰርት የሚባለውን፣ ነዋሪዎች በአደጋ ጊዜ እንዲረዳዱ የሚሰጠውን ስልጠና ወስጃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1985 የሎስ አንጀለስ እሳት አደጋ መምሪያ የጀመረው ነው፣ ከ1993 ጀምሮ ደግሞ ፌማ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት ለመላው አገር አዳረሰው። መሠረታዊው ስልጠና 20 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ስለ 1985ቱ የሜክሲኮ ሲቲ መንቀጥቀጥም ይነግሩናል፤ ምንም ያልሰለጠኑ ሰዎች 800 ሰው አወጡ፣ ነገር ግን 100 ያህሉ ሌላውን ሲያወጡ ራሳቸው ሞቱ። ነርሷ እህቴ ያለችው ነው እንግዲህ።

ሁለተኛውን ጥያቄህን በተመለከተ፣ እዚህ ለአሰልጣኝና ለአስተባባሪ የተለያየ ኮርስ ነው ያለው። አሰልጣኝ የሚሆነው ሰው ስለሰማ ብቻ አያልፍም፣ ጓደኞቹ ፊት ቆሞ አንዱን ክፍል ያስተምራል፣ እነሱም ፊት ለፊት ይተቹታል። ይህንን ውሰዱት፣ ገንዘብ አይጠይቅም። ለአበል የመጣውም እዚያው ይለያል። አስተባባሪው የሚማረው ደግሞ ሰው መመልመልና ማቆየት፣ ዕቃ መያዝ፣ ልምምድ ማዘጋጀት፣ ከመንግሥት አካላት ጋር መነጋገር ነው። ሥራው ሌላ ነው፤ አንድ ሰው ላይ አትጫኑት።

የእድር ጸሐፊ፣ ማጀቴ
ልጆቼ፣ አስተባባሪ ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ። የእድር ጸሐፊ መዝገቡ እጁ ላይ ነው። የትኛው ቤት አልጋ የያዘ ሽማግሌ እንዳለ፣ ማን አይሱዙ እንዳለው፣ ማን ሌሊት ስልኩን እንደማያነሳ ያውቃል። ጥሩንባ ነፊውም አለ። ኔትወርክ ሲጠፋ ጥሩንባ አይጠፋም፤ ለአደጋ የሚነፋው ከለቅሶው እንዲለይ ግን አሁኑኑ ተስማሙ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። በእኛ እድር አንድ ሌሊት ቤት ተቃጠለ። ባልዲውም አካፋውም እቃ ቤት ተቆልፎበታል፣ ቁልፍ የያዘው ሰው ደግሞ ለሠርግ አጣዬ ሄዷል። በሩን ሰብረን ስንገባ ጣሪያው ወርዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁልፉ ሦስት ቤት ነው የሚቀመጠው። አስተባባሪም እንዲሁ ምክትል ያስፈልገዋል፣ አንዱ ገበያ ሲወርድ ሌላው ይኑር።

የእኛ ማጀቴ በ1953 በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሶ ያየ ነው፣ ያኔ ሰውን ከፍርስራሽ ያወጣው ጎረቤቱ ነበር ሲሉ ሰምቼ ነው ያደግሁ። ልምምዱን ከእድር ስብሰባ ጋር አያይዙት። ለብቻው ከጠራችሁት ሰው አይመጣም።

የጣርማ በር ልጅ
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። የቁልፉ ነገር አስደንግጦኛል፣ የእኛም አንድ ሰው ዘንድ ነው ያለው። አስተባባሪና ምክትል ከጸሐፊዎቹ እናደርጋለን። ለአሰልጣኝነት ስምንት ሰው እንያዝና ፊታችን ሲያስተምሩ አይተን አራቱን እንመርጣለን። አንድ አናጢና አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ከወዲሁ አሉኝ። የቀይ መስቀሉን 907 በየቤቱ በር ላይ እንጽፋለን።

ነርስ እህቴ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ብቅ ማለት ትችያለሽ? ትራንስፖርቱን እኛ እንችላለን።

ነርስ ከደብረ ብርሃን
እመጣለሁ። አጣናና ጋቢ አዘጋጁ፣ ፕሮጀክተር አያስፈልግም።