ድሬዳዋ የወረደ የደጋ ፈረስ፣ ከዕረፍት በኋላ የደረቀ ታፋ

ጥያቄ፦ ባለ ዳማው (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከባሌ ደጋ የመጣ ዳማ ፈረስ አለኝ። ዕድሜው በጥርሱ ሲታይ ሰባት ይሆናል። መተዳደሪያዬ ጎማ ጥገና ነው፤ ፈረሱ ግን ለጋሪ አልተገዛም፣ ለግልቢያ ብቻ ነው። በዓል ሲደርስ ደጋ ወጥቼ ከወዳጆቼ ጋር እጋልበዋለሁ፤ ሠርግ ሲኖርም ሙሽራ ያጅባል።

ሰሞኑን ሥራ በዝቶብኝ ከጋጣ ሳይወጣ ሰነበተ። ገብሱ እንደ ወትሮው ጠዋትና ማታ ይቀርብለት ነበር። ቅዳሜ ማለዳ ወደ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ይዤው ወረድኩ። ሲነሳ አልያዝ ብሎኝ ነበር። ብዙም ሳንርቅ እርምጃው አጠረ፤ የኋላ እግሮቹን መጎተት ጀመረ። ወርጄ ታፋውን ስነካው ደርቋል። ላቡ በደረቱ ይንጠባጠባል፣ አፍንጫው ተከፍቶ ያለከልካል። እንደምንም ቤት አስገባሁት። ከሰዓት በኋላ የሸናው ሽንት መልኩ ቡና ነው።

አሁን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሐኪም ሆኗል። አንዱ «ደሙ ፈልቷል፣ ከአንገቱ ይበጣ» ይላል። ሌላው ታፋው ላይ ይተኮስ ይላል። ሦስተኛው ገራባ (የጫት ትራፊ ቅጠል) ይብላ፣ ይነቃል ይላል። የመድኃኒት ሻጩ ደግሞ የሕመም ማስታገሻ መርፌ ሊሰጠኝ ዝግጁ ነው። በወሩ መጨረሻ ደጋ ላይ የግልቢያ ቀጠሮ አለኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ፈረሰኛው (ጨለንቆ)

ወንድሜ፣ ይህ ብርድ ነው። ላብ ላይ እያለ ነፋስ መትቶት ይሆናል። ብርድ ልብስ ጣልበትና ቀስ እያልክ አንሸራሽረው፤ ሲሞቅ ጅማቱ ይፈታል። ገብሱን አትቀንስ፣ አቅም ያጣል። ብቻ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳታስነካው! የሞቀ ጡንቻ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከፈሰሰ ፈረሱ አለቀለት።

መልስ፦ ጡረተኛው የእንስሳት ጤና ባለሙያ (ሐረር)

ልጄ፣ የጨለንቆው ወንድማችን ልቡ ቅን ነው፤ ምክሩን ግን ለጊዜው ወደ ጎን አድርገው። ፈረሱን አታንቀሳቅሰው። ወደ ውሃው አይሂድ፣ ውሃው ወደ እሱ ይምጣ።

የነገርከን ነገር ብርድ አይመስልም። ታፋ የደረቀ፣ እርምጃ ያጠረ፣ ሽንት የጠቆረ፣ በዚያ ላይ እህል እየበላ ከቆመ በኋላ በመጀመሪያው የሥራ ቀን የመጣ ከሆነ መጀመሪያ የሚታሰበው የጡንቻ መፍረስ ነው። ድሮ በአውሮፓ ጋሪ ሳቢ ፈረሶች እሑድን ቆመው እህል ሲበሉ ይውሉና ሰኞ ሲጠመዱ በዚሁ ይያዙ ነበር። ሽንቱን ያጠቆረው ከተጎዳው ጡንቻ የወጣ ማዮግሎቢን የሚባል ፕሮቲን ነው። ያ ነገር በኩላሊት ሲያልፍ ኩላሊቱን ይጎዳል። ስታንሸራሽረው ተጨማሪ ጡንቻ ይፈርሳል፣ ተጨማሪ ማዮግሎቢን ይወጣል። ፈረስ በታፋው ሕመም ብዙ ጊዜ አይሞትም፤ በኩላሊቱ ግን ይሞታል።

ስለዚህ መርፌውን ተወው። የሕመም ማስታገሻ የሚባሉት አብዛኞቹ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ። ፈሳሽ ባጣ ፈረስ ላይ፣ ሽንቱ ጠቁሮ ሳለ መውጋት ማለት በተጎዳው ኩላሊት ላይ መጨመር ነው። ሐኪም መጥቶ ፈሳሹን በአፍንጫ ቱቦ ወይም በደም ሥር ከመለሰለት በኋላ ማስታገሻውን እሱ ይወስናል። ከሳቢያን ደንገጎን ወጥቶ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሩቅ አይደለም፤ ነገር ግን ፈረሱን ዛሬ መኪና ላይ እንዳትጭነው። ሐኪሙን አምጣ። ስለ መብጣት ብዙ አልናገርም፤ ፈሳሽ ያጣውን እንስሳ ሌላ ፈሳሽ የምናሳጣበት ምክንያት አይታየኝም። መተኮስም ቆዳ ማቃጠል ብቻ ነው፤ ከታፋው ውስጥ የሚደርስ ነገር የለውም።

ገራባውን በተመለከተ፣ እዚህ አገር ለፍየልና ለከብት እንደሚሰጥ አውቃለሁ። ጫት ግን ልብ ያፋጥናል። ልቡ እየሮጠ ላለ ፈረስ ሌላ አሯሯጭ ምን ያደርግለታል? ቅጠሉ ላይ የተረጨውንም ፀረ ተባይ አትርሳ።

አሁን ሦስት ነገር ለክተህ ጻፍልኝ። የልብ ምት፦ ከግራ ክርኑ ኋላ ወይም ከመንጋጋው ሥር ባለው ደም ሥር ለ15 ሰከንድ ቁጠርና በአራት አባዛ። ጤነኛ ፈረስ ቆሞ ሲያርፍ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ነው። ትንፋሽ፦ ከ8 እስከ 16። የሰውነት ሙቀት በፊንጢጣ፦ ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ። ቴርሞሜትሩን በክር አስረህ ጭራው ላይ ቆንጥጥ፣ ተስቦ እንዳይገባ። ቆሞ ሳለ ልቡ ከ60 በላይ ከሆነ ወይም ሙቀቱ 40ን ካለፈ ለሐኪሙ እንደገና ደውል።

ስለ ቀዝቃዛ ውሃም ልናገር፤ ይህ ወሬ ብዙ ፈረስ ጎድቷል። ከ1996ቱ የአትላንታ ኦሎምፒክ በፊት የፈረስ ሐኪሞች በሙቀት ውስጥ የሮጡ ፈረሶችን በበረዶ ውሃ እያቀዘቀዙ ፈትነውታል፤ ጡንቻው አልተኮማተረም፣ ሙቀቱ ግን ፈጥኖ ወረደ። ላብ እየተንጠባጠበ የሚያለከልክ ፈረስ አንገቱንም፣ ደረቱንም፣ ጀርባውንም፣ ታፋውንም ውሃ አፍስሱበት፤ ቆም ሳትሉ ደጋግሙ። ብርድ ልብስ ድሬዳዋ ላይ? በግንቦት? እግዚአብሔር ይይላችሁ።

መልስ፦ ባለ ዳማው (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሐኪም አምጥቼ በቱቦ ፈሳሽ ሰጥቶታል፤ እሱም እንደ እርስዎ ነው ያለው። ዛሬ ማለዳ ልቡ 48፣ ትንፋሹ 16፣ ሙቀቱ 38.2። ሽንቱ እየጠራ ነው። ለመድኃኒቱ መጠን ክብደቱን ጠይቆኝ ነበር፤ በግምት «ሦስት መቶ ኪሎ» አልኩት፣ ፈገግ አለና ሜትር አውጥቶ ለካው።

ያልገባኝ አንድ ነገር አለ። ያን ያህል ላብ ወጥቶት ባልዲ ሳቀርብለት አፉን ነክሮ ተመለሰ። የጠማው ፈረስ እንዴት ውሃ እምቢ ይላል? አሞሌም ጋጣው ውስጥ አለ።

መልስ፦ ጡረተኛው የእንስሳት ጤና ባለሙያ (ሐረር)

ጥሩ ጠየቅህ፤ በቆላ ፈረስ የሚይዝ ሰው ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት ይህንን ነው። የሰው ላብ ከደሙ ይልቅ ጨውነቱ ያነሰ ነው፤ ስናልብ ውሃው ይቀድማል፣ የደማችን ጨውነት ይጨምራል፣ አንጎላችንም ጠማኝ ይላል። የፈረስ ላብ ግን ከደሙ ይበልጥ ጨዋማ ነው። ውሃውና ጨው አብረው ስለሚወጡ የደሙ ጨውነት እምብዛም አይጨምርም፤ ስለዚህ ጥማት አይቀሰቀስም። በሙቀት የሚጋልብ ትልቅ ፈረስ በአንድ ሰዓት ከ10 ሊትር በላይ ላብ ሊያፈስስ ይችላል፤ ያም ሆኖ ባልዲውን አሽትቶ ያልፋል። ባለቤቱም «ጠግቧል» ብሎ ባልዲውን ያነሳል።

መድኃኒቱ ጨው ነው፤ ነገር ግን አሞሌው አይበቃም። የፈረስ ምላስ እንደ ላም ምላስ ሻካራ ስላልሆነ ከጠንካራ ጨው የሚፈልገውን ያህል ልሶ አያወጣም። ለአንተ ፈረስ በየቀኑ አንድ የሾርባ ማንኪያ የምግብ ጨው ከረጠበ ፉርሽካ ጋር አብላው፤ ያላበው ቀን ሁለት። ከጨው በኋላ ንጹሕ ውሃ ከፊቱ አይጥፋ። ጨው በውሃ ከበጠበጥክለትም ሌላ ጨው የሌለበት ባልዲ በጎኑ አስቀምጥ፤ የጨዋማውን እምቢ ካለ ውሃ አልባ እንዳይቀር።

ክብደቱን ሐኪሙ የለካው በዚህ ነው፦ የደረቱን ዙሪያ በሴንቲ ሜትር በራሱ አባዛ፣ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው ጫፍ ባለው ርዝመት እንደገና አባዛ፣ ለ11,880 አካፍል። ደረቱ 145፣ ርዝመቱ 135 የሆነ ፈረስ 239 ኪሎ ገደማ ይመጣል። የእኛ አገር ፈረስ ትንሽ ነው፤ መድኃኒት በግምት ሲሰጠው ይበዛበታል፤ ወይም የትል መድኃኒት ከሆነ ትሉን ለመግደል ያንሳል።

ገብሱን እንዲህ አድርገው። በመጀመሪያ ድርቆሽ፦ 240 ኪሎ ለሚሆን ፈረስ በቀን ከአራት እስከ አምስት ኪሎ። ገብሱ በአንድ ጊዜ ከግማሽ ኪሎ አይለፍ። የማይጋለብበት ቀን ገብሱ በግማሽ ወይም ከዚያ በታች ይውረድ፤ መቀነሱም ከዋዜማው ማታ ይጀምር። ቆሞ መዋሉም ራሱ ጥሩ አይደለም። ሥራ ሲበዛብህ ልጅም ቢሆን በልጓም ይዞ ያንሸራሽርልህ፤ አሁን ሳይሆን ከዳነ በኋላ ነው የምልህ።

መልስ፦ የጋሪ ፈረሶች ባለቤት (ሐረር፣ ሸንኮር)

ጋሼ ሁሉን ብለውታል። እኔ በጋሪ ፈረስ ልጆቼን ያሳደግሁ ሴት ነኝ፤ ስለ መኖ ብቻ ጣል ላድርግ፣ ምክንያቱም ከደጋ የመጣ ፈረስ የሚሞተው ብዙ ጊዜ በአፉ ነው።

አንደኛ፣ ማሽላ። የደረቀ አገዳ ለፈረስ ጥሩ መኖ ባይሆንም አይገድልም። ከአጨዳ በኋላ ዝናብ ሲነካው ከጉቶው የሚያቆጠቁጠውን ለምለም ግን አታስግጠው። መርዝ አለበት። ከብት ላይ ወዲያው ይታያል፤ ፈረስ ላይ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፦ ኋላው ይወላገዳል፣ ሽንቱን መያዝ ያቅተዋል፣ ከዚያ በኋላ መመለስ የለም። እኛ ሰፈር እንደዚያ የሆነ ፈረስ አይቻለሁ፤ ሰው ሁሉ ቡዳ ነው ሲል ከረመ።

ሁለተኛ፣ የዶሮ መኖ። ድሬዳዋ ላይ ገብስ ሲወደድ ሰው የዶሮ መኖ ይቀላቅላል። በዶሮ መኖ ውስጥ ኮክሲዲያ ለሚባለው የዶሮ አንጀት በሽታ መከላከያ ሞነንሲን የሚባል መድኃኒት ሊገባበት ይችላል፤ ዶሮዋን የማይነካት መጠን የፈረሱን ልብ ጡንቻ ይገድላል። ለዚህ ማርከሻ የለውም። ከዶሮ ቤት የተራረፈውንም አትስጠው።

ሦስተኛ፣ ድርቆሽ ስትገዛ ፍታው። ፈረምሲሳ ተቀላቅሎ ይሸጣል፤ ነጭ ትንንሽ አበባውን ታውቀዋለህ። አፍ ያቆስላል፣ ቆዳ ያሳክካል፣ ልማድ ከሆነም ይመርዛል።

ደግሞ መኖውን ደቻቱ አሸዋ ላይ እየበተንክ የምታበላው ከሆነ ተው። አሸዋ ከአንጀት ሥር ይቀመጥና ቁርጠት ያመጣል። ከፋንድያው ጥቂት በብርጭቆ ውሃ በጥብጠህ አስቀምጠው፤ ከሥር አሸዋ ከዘቀጠ መልሱ ያው ነው።

መልስ፦ ፈረሰኛው (ጨለንቆ)

ስለ ቀዝቃዛው ውሃ አባቴ ከነገሩኝ የተለየ ሰማሁ። ጋሼ ካሉ እሺ። ግን የደጋው ግልቢያስ? ወሩ ሊያልቅ ነው። ፈረሱ ዳነ ብሎ መሄድ አይችልም እንዴ?

መልስ፦ ጡረተኛው የእንስሳት ጤና ባለሙያ (ሐረር)

አይሄድም። ሽንቱ ጠራ ማለት ጡንቻው ጠገነ ማለት አይደለም። ሐኪሙ ደሙን አስመርምሮ ሲኬ እና ኤኤስቲ የሚባሉት የጡንቻ ኢንዛይሞች ወደ ቦታቸው መመለሳቸውን ቢያይ መልካም ነው። ከዚያ በእግሩ መንሸራሸር፣ ከዚያ ሶምሶማ፣ ግልቢያ መጨረሻ ላይ። ወዳጆችህ ቢቀየሙም በሚቀጥለው በዓል ይታረቃሉ።

ለሚቀጥለው ግን አሁን ተዘጋጅ። ለረጅም ርቀት ግልቢያ ውድድር የዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ሐኪሞች የሚጠብቁት ነጥብ አለ፦ ፈረሱ ቆሞ በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ ልቡ ወደ 64 ካልወረደ ከውድድሩ ይወጣል። ሰዓት ይዘህ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ በ10ኛው ደቂቃ ቁጠር። ትናንት 56 ወርዶ የነበረው ዛሬ 72 ላይ ከቀረ የሆነ ነገር አለ፤ ላብም ይሁን፣ እግር ይሁን፣ ሳንባ ይሁን፣ ፈረሱ በአፉ ከመናገሩ በፊት ልቡ ይነግርሃል። ለቆላ ሙቀት መልመድም ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፤ ከባሌ ወርዶ በማግስቱ የሚጋለብ ፈረስ አይኑር።

ክትባትም ጠይቅ። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ክረምቱ ሲወጣ ይበረታል፤ የሚያስተላልፉት ከወባ ትንኝ ያነሱ፣ ከምሽት እስከ ንጋት የሚነክሱ ጥቃቅን በራሪዎች ናቸው። ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ሲሞላና ሲያብጥ፣ ካፍንጫው አረፋ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ዘግይቷል። ክትባቱ ቢሾፍቱ በብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል። ከዝናቡ ቀድመህ አስከትበው፣ ከተከተበም በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ከባድ ግልቢያ አይኑር። ማታ ማታ ከውሃ ዳር አታሳድረው።

አይሱዙ ላይ ስትጭነው ደግሞ ራሱን ወደ ላይ አጥብቀህ አትሰር። ፈረስ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ካላስነጠሰና ካላሳለ አቧራው ወደ ሳንባው ይወርዳል፤ ረጅም መንገድ ተጉዘው በሳንባ ምች የሚወድቁት ለዚህ ነው። በየአራት ሰዓቱ አቁም፣ ገመዱን ፍታለት፣ ድርቆሹን ከመሬት ይብላ፣ ውሃ አጠጣው። ሾፌሩ ሊያጉረመርም ይችላል፤ ዋጋውን ስትነጋገር ቀድመህ ንገረው።